የሐረግ መዋቅር ምንድን ነው? ወይም «ን» ለምን በጉን ትታ ልጁ ላይ ተለጠፈች?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። «አዲስ የሴቶች ጫማ መሸጫ» ይላል። ከጓደኛዬ ጋር ስናልፍ አነበብነው። እሱ «አዲስ ሱቅ ተከፈተ ማለት ነው» አለ። እኔ ደግሞ አዲሱ ጫማው ነው፣ ሰልባጅ አንሸጥም ማለታቸው ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ቡና እስክንጠጣ ድረስ ስንጨቃጨቅ ቆየን።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። ቃሎቹ አራት ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው፣ የትኛውም ቃል ሁለት ትርጉም የለውም። የተለያየው አቧደናቸው ብቻ ነው። በቅንፍ ላሳያችሁ።

[አዲስ [[የሴቶች ጫማ] መሸጫ]]
[[አዲስ [የሴቶች ጫማ]] መሸጫ]

በላይኛው «አዲስ» የሚገልጸው መሸጫውን ነው። በታችኛው መጀመሪያ ከጫማው ጋር ይቧደናል፣ መሸጫው የሚመጣው በኋላ ነው። የሐረግ መዋቅር የሚባለው ይሄው ነው፦ ቃላት እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ የተሰኩ ሳይሆኑ፣ ትንሹ ቡድን ትልቁ ውስጥ፣ ትልቁም ሌላ ውስጥ እየገባ የተሠሩ መሆናቸው።

ቅንፍ ሲበዛ ዓይን ስለሚያደክም የቋንቋ ሰዎች ዛፍ ይሥላሉ። ዛፉ የተገለበጠ ነው፣ ሥሩ ላይ ቅጠሉ ታች። ሁለት ቅርንጫፍ በተገናኘ ቁጥር እዚያ አንድ ሐረግ አለ ማለት ነው። ዛፉ ቅንፉ ያላለውን ነገር አይልም፣ ለዓይን ይቀላል እንጂ። (በነገራችን ላይ «ሰዋስው» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የኛዎቹ መሰላል አሉት፣ ፈረንጆቹ ዛፍ ሣሉ፤ ሁለቱም የሚወጡበት ነገር መምረጣቸው ሁሌ ያስቀኛል።)

እሺ፣ ግን ይሄ ቡድን የምትሉት ነገር በእርግጥ አለ ወይስ ምሁራን ለፈተና የፈጠሩት ነው? ተማሪ ሆኜ እኔም ይሄን ጠርጥሬ ነበር። ያሳመነችኝ ትንሿ «ን» ናት።

ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ በግ ገዛችሁ እንበል። «በጉን ገዛሁ» ትላላችሁ። «ን» በጉ ላይ ናት፤ የተገዛው እሱ ስለሆነ ማንም አይገረምም። በጉ ትልቅ ከሆነስ? «ትልቁን በግ ገዛሁ»። ይኸው «ን» በጉን ትታ ቅጽሉ ላይ ሄደች። የሆነ ልጅ በግ ከሆነ ደግሞ «የልጁን በግ ገዛሁ» ነው የምትሉት። ልጁን እኮ ማንም አልገዛውም! የተገዛው በጉ ነው፣ ምልክቱ ግን ልጁ ላይ ነው ያለው።

አንድ ብልህ ተማሪ እዚህ ጋ እጁን ያወጣል፦ «ገባኝ፣ ‹ን› የምትለጠፈው መጀመሪያው ቃል ላይ ነው፣ ምን ቡድን ያስፈልጋል?» ጥሩ ግምት ነው። ግን «በጣም ትልቁን በግ ገዛሁ» የሚለውን ተመልከቱ። መጀመሪያው ቃል «በጣም» ነው፣ «በጣምን» ያለ ሰው ግን ሰምታችሁ አታውቁም። ወይም ደግሞ «ትናንት ከደባርቅ የመጣውን በግ ገዛሁ»። አሁን «ን» ሦስተኛው ቃል ላይ ናት። ቢፈልግ «ትናንት በሌሊት በአይሱዙ ከደባርቅ የመጣውን በግ» አድርጉት፣ እሷ እቴ፣ ቆማ የምትጠብቀው «የመጣው» ላይ ነው። ቃል በመቁጠር አታገኟትም። የምትገኘው የመጀመሪያው ቡድን የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ያ ቡድን አንድ ቃልም ይሁን አምስት ግድ የላትም። አፍ የፈታ የአራት ዓመት ሕፃን ማንም ሳያስተምረው ይሄን ያውቃል። ታዲያ ሕፃኑ ጭንቅላት ውስጥ ቡድን ከሌለ «ን»ን በምን አገኛት?

ሌላም መፈተኛ አለ፣ ቶሎ ልለፈው። አንድ ሐረግ በአንድ ተውላጠ ስም ይተካል፦ «ትናንት ከደባርቅ የመጣውን በግ» በሙሉ በ«እሱን» ብቻ ይለወጣል። ሲንቀሳቀስም አብሮ ነው የሚንቀሳቀስ። «ትልቁን በግ ልጁ ሸጠው» ያስኬዳል፣ «ትልቁን ልጁ በግ ሸጠው» ግን ጆሮ ይቧጥጣል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዓረፍተ ነገርን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ደግሞ ወደ ሁለት እየከፈሉ መሄድ አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሊዮናርድ ብሉምፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ሌላው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ኖአም ቾምስኪ በ1957 ይሄን ወደ ሕግ ለወጠው። ሕጉ እንደ ምግብ አሠራር ነው፦ ዓረፍተ ነገር ስትፈልግ ስማዊ ሐረግና ግሳዊ ሐረግ አድርግ፤ ግሳዊ ሐረግ ስትፈልግ ስማዊ ሐረግና ግስ አድርግ (የአማርኛ ግስ መጨረሻ ስለሆነ ነው እንዲህ ያልኩት፣ እንግሊዝኛው ግሱን ያስቀድማል)። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አማርኛ መጽሐፋችን ላይ የሸመደድነው «ስማዊ ሐረግ፣ ግሳዊ ሐረግ» የዚህ የልጅ ልጅ ነው። መምህራችን ከየት እንደመጣ ስላልነገሩን ግን ለምን እንደምንከፋፍል ሳይገባን ነው ያለፍነው።

የዚህ ዓይነት ሕግ አንድ ጉድለት አለው። ምንም ነገር እንድትጽፍ ይፈቅድልሃል። «ስማዊ ሐረግ ማለት ግስና ተውሳከ ግስ ነው» ብትል የሚከለክልህ የለም፤ ስም የሌለበት ስማዊ ሐረግ! እንዲህ ያለ ቋንቋ ግን ዓለም ላይ አልተገኘም። ስለዚህ ቾምስኪ በ1970፣ ቀጥሎም ሬይ ጃከንዶፍ በ1977 «ኤክስ ባር» የሚባለውን ሐሳብ አጠናከሩት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማንኛውም ሐረግ መሪ አለው፣ ስሙንም ከመሪው ይወርሳል። «የልጁ በግ» የሚመራው በ«በግ» ነው፣ ለዚህ ነው ሐረጉ በሙሉ ስማዊ የሆነው፤ ስለ በግም እንጂ ስለ ልጅ አይደለም የሚያወራው። መሪው ሲቀመጥ መሙያውና ገላጩ (መሪውን የሚያሟሉትና የሚገልጹት ቃላት) በደረጃ ይከመሩበታል፤ «ባር» የሚባለው የደረጃው ምልክት ነው።

አማርኛ መሪውን መጨረሻ ማድረግ ይወዳል። በጉ መጨረሻ፣ ግሱም መጨረሻ። «ከ» እና «በ» ግን ፊት ናቸው፣ «ጋር» እና «ላይ» ደግሞ ኋላ፤ «ከልጁ ጋር» ስትሉ ልጁን ከፊትም ከኋላም ይዘውታል። መሪው የቱ ነው? በዚህ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬም አልታረቁም። ሪቻርድ ኬይን የሚባል ሰው ደግሞ በ1994 ብሶ መጣ። ሁሉም ቋንቋ ከሥር መሠረቱ መሪውን ያስቀድማል፣ አማርኛን የመሰሉት ቋንቋዎች ከመሪው ኋላ የነበረውን ወደ ፊት እያጋዙ ነው እንዲህ የሆኑት አለ። ጎበዝ ሰው ነው፣ ግን «በግ ገዛሁ» ለማለት መጀመሪያ «ገዛሁ በግ» ብዬ ነው የተነሣሁት የሚለውን እኔ ለመዋጥ ይቸግረኛል።

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቾምስኪ ራሱ የሠራውን አብዛኛውን አፈረሰው። ደረጃው፣ ባሩ፣ ሁሉም ይቅር አለ። የቀረው አንድ ሥራ ነው፦ ሁለት ነገር ውሰድና አጣምር፤ ያጣመርከውን ከሌላ ጋር እንደገና አጣምር። ቅደም ተከተል ራሱ የጥምሩ አካል አይደለም፣ ስንናገር የሚመጣ ነው። ለእኔ የዚህ ውበቱ «በግ ገዛሁ» የሚለው የጎንደር ሰውና ግሱን የሚያስቀድመው እንግሊዛዊ አንድ ዓይነት ጥምር መሥራታቸው ነው፤ የሚለያዩት አፋቸው ላይ ሲደርስ ነው።

የሐረግ ዛፍ ጨርሶ የማይሥሉም አሉ። ፈረንሳዊው ሉሲየን ቴኒዬር፣ ሥራው ከሞተ በኋላ በ1959 የወጣለት፣ ሐረግ የሚባል ነገር ሳያስፈልገው ቃልን ከቃል በቀጥታ አያያዘ። ግሱ ከላይ ተቀምጦ ጥገኞቹን ይስባል፣ እነሱም የራሳቸውን ጥገኞች። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ በጣም የሚወዱት ይሄን ነው፣ አማርኛም በዚህ መንገድ የተተነተኑ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ለብዙ ነገር ይበቃል። «የልጁን በግ ገዛሁ» ላይ ስትደርሱ ግን ቀስቱ ከ«ገዛሁ» ወደ «በግ» ይሄዳል፣ «ን» ግን ልጁ ላይ ቁጭ ብላ ታያችኋለች። መልስ አላቸው፣ አንብቤዋለሁም፤ እስካሁን አላረካኝም። ስለዚህ ለጊዜው እኔ የሐረጉ ዛፍ ላይ ነኝ።