የፌስታል ክር ምንድን ነው?

ያገለገለ ፌስታል በቀጭኑ ይቆረጣል፣ ቁራጩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ረጅም ክር ይወጣዋል። በቃ ይኸው ነው። ማቅለጥ የለ፣ ኬሚካል የለ። ውጭ አገር «ፕላርን» ይሉታል። ኪሮሽ የሚችል ሰው በዚህ ክር ቦርሳም ምንጣፍም ይሠራበታል።

መጀመሪያ ፌስታሉን አጥባችሁ አድርቁት (ሥጋ የተያዘበትን እንዲሁ ብትጠቀሙ ሽታው ቤት አያስቀምጣችሁም)። ማንጠልጠያውንና የታችኛውን ስፌት ቆርጣችሁ ስትጥሉ፣ ሁለቱም አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ይቀራል፤ እሱን አጣጥፋችሁ በአግድም ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር ብትቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ሲዘረጋ ቀለበት ይሆናል። ከዚያ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሾልካችሁ፣ በራሱ ውስጥ መልሳችሁ ማጥበቅ ነው። ቀስ ብላችሁ ግን፣ ስሱ ፌስታል ወዲያው ይበጠሳል። የኪሮሽ መርፌውም ወፈር ያለ ይሁን። በዳንቴል መርፌ የሞከረ ሰው ትርፉ የጣት ሕመም ነው።

በዚህ ሥራ ስሟ የሚነሳው ጋምቢያዊቷ ኢሳቱ ሲሴይ ናት። ንጃው በሚባለው መንደሯ የተጣለ ፌስታል ውሃ እያቆረ የወባ ትንኝ ይራባበት፣ ፍየሎችም እየበሉት ይሞቱ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ከአራት ሴቶች ጋር ሆና ፌስታል እየሰበሰቡ፣ እያጠቡ፣ እየቆረጡ ትንንሽ የገንዘብ ቦርሳ በኪሮሽ መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው፤ ቆሻሻ ለቃሚ ተባሉ። ቦርሳው መሸጥ ሲጀምር ግን ሴቶቹ የራሳቸው ገቢ አገኙ። ጋምቢያ በ2015 ፌስታልን ከለከለች።

ሌላም መንገድ አለ፣ በካውያ መተኮስ። ፌስታል በአብዛኛው ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከ105 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ብዙ ፌስታል ደራርቦ፣ ከላይና ከታች የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጎ ቢተኩሱት ተጣብቆ በስፌት መኪና የሚሰፋ ጠንካራ ሉህ ይሆናል። ዴልሂ ላይ አኒታ አሁጃ የመሠረተችው ኮንሰርቭ ኢንዲያ ፌስታሉን በሙቀት ጨፍልቆ ቦርሳ ያደርገዋል፤ ቀለም አይጨምሩበትም፣ የፌስታሉ የራሱ ቀለም ነው ጌጡ። ቤት ውስጥ የምትሞክሩ ከሆነ መስኮት ክፈቱ። ምንነቱን የማታውቁትን ፕላስቲክ ደግሞ አትንኩት፤ ፒቪሲ ከሆነ ሲግል መርዛማ ጋዝ ይለቃል።

እኔን የሚያናድደኝ ነገሩን የብክለት መፍትሔ አድርጎ ማውራት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቤት አልባዎች የሚሠራ አንድ የመኝታ ምንጣፍ ከ500 እስከ 700 ፌስታል ይበላል ይባላል። ብዙ ነው፣ ግን አንድ ገበያ በአንድ ቀን ስንት ያድላል? እኛ አገር በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሚቀጥነውን ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከእጃችን አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። ምንጩን የሚያደርቀው እንዲህ ያለው ነው፣ ከተፈጸመ። የክሩ ጥቅም ሌላ ነው፤ ዋጋ ያልነበረውን ነገር የእጅ ሙያ ዋጋ ይሰጠዋል።

ክሩ ደግሞ ፀሐይ አይወድም። ውጭ ከከረመ ይደርቅና እየተቀረፈ ይረግፋል፣ ያኔ ለመልቀምም አይመች። ስለዚህ ለገበያ ዘንቢል፣ ለመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ፣ ለጫማ ማስቀመጫ አድርጉት። በረንዳ ላይ ለሚውል ወንበር አይሆንም።