የከመጠን ያለፈ ውፍረት ምዝገባና ኮድ አሰጣጥ በደሴ

የውፍረት ምርመራን ኮድ መስጠት ማለት ሐኪሙ በካርድ ላይ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ብሎ የጻፈውን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ መሠረት ወደ ኮድ ቀይሮ በሪፖርት እንዲቆጠር ማድረግ ነው። ደሴ ላይም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሥራው በብዙ እጅ ያልፋል። ካርድ ክፍል ማህደሩን ያወጣል፣ ትሪያጅ (ታካሚ መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ) ላይ ነርሷ ክብደትና ግፊት ትለካለች፣ ሐኪሙ መርምሮ ይጽፋል፣ የጤና መረጃ ባለሙያው ደግሞ ከመዝገቡ ለቅሞ ዲኤችአይኤስ-2 በሚባለው ሥርዓት ሪፖርት ያደርጋል። ክብደት ትሪያጅ ላይ ይለካል፤ ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ካርድ እንይ። ከሆጤ የመጡ የ46 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ክብደት 84 ኪሎ፣ ቁመት 1.62 ሜትር፣ ግፊት 150 በ95። ሐኪሙ «ደም ግፊት» ብሎ ጽፎ መድኃኒት ያዝላቸዋል። ክብደታቸው ለቁመታቸው ስኩዌር ሲካፈል (ቢኤምአይ የሚባለው ነው) 32 ይመጣል፤ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ቁጥሩ ካርዱ ላይ አለ፣ ምርመራው ግን የለም። ኮድ ሰጪው ራሱ አስልቶ 32 ቢያገኝም ያንን ይዞ ምርመራ መጻፍ አይችልም፤ ምርመራው የሐኪሙ ነው። ማድረግ የሚችለው ካርዱን መልሶ መጠየቅ ብቻ ነው። ወረፋው ኮሪደሩን በሞላበት ቀን ማን ይመልሰዋል? እኚህ እናት በዚያ ወር ሪፖርት የሚገቡት በግፊት ብቻ ነው። ቁመታቸው ከመጀመሪያው ካልተለካማ የሚጠየቅም ነገር አይኖርም።

በዓለም አቀፉ ምደባ አሥረኛ እትም፣ በአይሲዲ-10፣ የውፍረት ኮድ ኢ66 ነው። ከተቃጠለው በላይ በመመገብ የመጣው ኢ66.0፣ በመድኃኒት ምክንያት የመጣው ኢ66.1፣ ከባድ ሆኖ አተነፋፈስን ያወከው ኢ66.2 ይባላል። ካርዱ ላይ «ውፍረት» ብቻ ተጽፎ መንስኤው ካልተገለጸ ኮዱ ኢ66.9 ይሆናል፤ ይህም «አለ፣ ግን አልተብራራም» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ-11 ውፍረትን 5ቢ81፣ ከውፍረት በታች ያለውን ትርፍ ክብደት 5ቢ80 ይለዋል። አሜሪካኖች ኮዱን ከክፍያ ጋር ስላያያዙት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃን በየራሱ ኮድ ለይተዋል። ደረጃዎቹ በቢኤምአይ ከ30፣ ከ35 እና ከ40 ይጀምራሉ። ለልጆች ይህ መቁረጫ አይሠራም፤ ዕድሜና ጾታቸው ታይቶ በዕድገት ሰንጠረዥ ይለካሉ።

ውፍረት ከካርድ የሚቀርበት ምክንያት የጊዜ እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ወሎ የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያየ አገር ነው። የሚፈራው ክሳት ነበር፤ የክንድ ዙሪያ የሚለካበት ቴፕ በጤና ጣቢያው ብቻ ሳይሆን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦርሳም ይገኛል። መወፈር ደግሞ በእኛ ዘንድ የድሎት ምልክት ነው። «ተመችቶሻል፣ ወፈር ብለሻል» የሚላት ሰው እያመሰገናት ነው። ይሁንና በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 ከመቶው ከሲታ፣ 8 ከመቶው ደግሞ ትርፍ ክብደት ወይም ውፍረት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ከተማ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ወደ 21 ከመቶ ይወጣል። ደሴና ኮምቦልቻ ከተሞች ናቸው፤ በስኳርና በግፊት ክትትል ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ያየ ይህ ቁጥር አይገርመውም።

ታካሚ ፊት «ወፍራም» ብሎ መጥራት ያሳፍራል፣ ሰውም ከቀጠሮ ይቀራል። «ክብደትዎ ለቁመትዎ በዝቷል» ማለት ይቻላል፤ ካርዱ ላይ ግን በሙሉ ስሙ መጻፍ አለበት። ለእኚያ እናት የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነበር፦ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ አንደኛ ደረጃ፣ ቢኤምአይ 32፣ ከደም ግፊት ጋር፤ ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ተመክረዋል፤ ቀጠሮ ከ3 ወር በኋላ»። በ3 ወር ተመልሰው ሚዛኑ 80 ቢያሳይ፣ ተረኛው ሐኪም ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ ከካርዱ ያነባል።