የጋራ ገመድ አልባ የድሮን ቻርጅ ጣቢያ፦ ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ ማዶ

የጋራ ገመድ አልባ ቻርጅ ጣቢያ የተለያዩ ባለቤቶች ድሮኖች በጉዞ መካከል አርፈው፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው ባትሪ የሚሞሉበት ማረፊያ ነው። እንደ ነዳጅ ማደያ ለመጣው ሁሉ ያገለግላል።

ድሮኑ ሩቅ እንዲሄድ ትልቅ ባትሪ መጫን መፍትሔ የማይሆነው በክብደቱ ምክንያት ነው። ባትሪ በተጨመረ ቁጥር ድሮኑ አየር ላይ ለመቆየት የሚያወጣው ኃይል ከክብደቱ በባሰ ፍጥነት ይጨምራል፤ ባለ አራት ተሽከርካሪ ክንፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ብቻ የሚበሩት ለዚህ ነው። ጎንደር ላይ ከፍታውም አለ። በ2,100 ሜትር ገደማ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለማንዣበብ ብቻ አሥር በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ስሜን ተራሮች ላይ ይብሳል።

አሠራሩ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው ሕግ ላይ የቆመ ነው። በማረፊያው ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በድሮኑ ሆድ ያለው ጥቅል ያንን መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። የተጋለጠ ብረት ስለሌለው የክረምቱን ዝናብና ጭቃ ይችላል። ሁለቱ ጥቅሎች በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተዛነፉ ግን ኃይሉ ይባክናል፤ ስለዚህ ድሮኑ መሬት ላይ የተሣለ ምልክት በካሜራ እያየ ያርፋል።

ከጎንደር ደባርቅ በአየር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ባትሪ 20 ኪሎ ሜትር በደኅና የሚሄድ ድሮን በመካከል ሦስት ጣቢያ ያስፈልገዋል። አንዱ ሙሌት አንድ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ሦስት ሰዓት ቆሞ ያሳልፋል፤ በአስፋልቱ የሚሄድ መኪና ይቀድመዋል። ጥቅሙ ያለው ከደባርቅ ወዲያ፣ መንገዱ በሊማሊሞ እየተጠማዘዘ በሚወርድበትና ገደል ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ እየተሰማ መድረሱ ግን ግማሽ ቀን በሚፈጅበት አገር ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ የደም ናሙና ወይም መድኃኒት የሚያሻግር አንድ ጣቢያ፣ በዋናው መንገድ ዳር ከሚተከሉ አሥር ጣቢያዎች ይበልጣል።

ለአንድ ባለቤት ብቻ የተተከለ ማረፊያ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈቶ ይውላል። ጤና ጣቢያውም፣ ዋልያና ጭላዳ የሚቆጥረው ፓርክም፣ ግብርናውም ቢጋሩት ወጪው ይቀላል። መጋራቱ ግን ስምምነት ይጠይቃል፦ ጥቅሎቹ የሚሠሩበት የሞገድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) እና የባትሪዎቹ ቮልቴጅ መጣጣም አለባቸው፤ ተራውም ድሮኑ ሳይነሣ መያዝ አለበት። ባትሪው አልቆ የደረሰ ድሮን ማረፊያው ተይዞ ቢያገኘው ዞሮ የሚጠብቅበት አቅም የለውም።

አንድ ትንሽ ድሮን ለመሙላት መቶ ዋት አካባቢ ስለሚበቃ ሶላር ያዋጣል። ሊቲየም ባትሪ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ የስሜን ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። ስለዚህ ማረፊያው ባትሪውን አስቀድሞ የሚያሞቅበት ዘዴ ይሻል፣ ወይም ሥራው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጀመራል።

በአገራችን ያለ መንግሥት ፈቃድ ድሮን ማብረር አይቻልም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዚህ አካባቢ የድሮን ድምፅ ለብዙ ሰው የጦርነት ድምፅ ሆኗል። ጣቢያው ከመተከሉ በፊት የቀበሌው ነዋሪ ድሮኑ በየት መስመር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ እንደሚያልፍ ሊነገረውና ሊስማማበት ይገባል።