«ባዶ መሬት ነበር» እና ስለ ጠፉት የፈረስ ሜዳዎች የምንላቸው ሌሎች ነገሮች

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ ሰፈር ሙሉ እልል ብሎልኛል፤ ስለዚህ የምጽፈው ቤት ለምን ተሠራ ብዬ ለማልቀስ አይደለም። ከብሎካችን ጀርባ የጭቃ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ አባባ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ከመስኮቴ በታች ያለውን የመኪና ማቆሚያ በከዘራቸው እያሳዩ «ልጄ፣ ፈረሱን የምናዞረው እዚህ ጋ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በታክሲውም በእድሩም ስለዚያ ሜዳ የሚወራውን ጆሮዬን አቁሜ መስማት ጀመርኩ። ከሚባለው ብዙው ልክ አይደለም።

«ባዶ መሬት ነበር»

ከሁሉ በላይ የሚባለው ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እሱው። ሜዳ ባዶ የሚመስለው በአንድ ቀን አይቶት ለሚሄድ ሰው ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል። መስቀል ካለፈ በኋላ ሣሩ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይከመራል፣ ከብቱ ይለቀቅበታል። የከተማዋን የወተት ላሞች ሲቀልብ የኖረው የሱሉልታ ድርቆሽ የሚመጣው እንዲህ ካለው ሜዳ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ መሬቱ ሲጠነክር ፈረስ ይወጣል፤ ለጥምቀት ጉግስ፣ ለሠርግ ሽምጥ ግልቢያ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ሯጮች ይመጡበታል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ያለ መሬት ነው፤ አጥርና በር ስለሌለው ብቻ ባዶ ይባላል።

ደግሞም ሜዳው ቤት ሳይሠራበት የቆየው ሰው ረስቶት አይደለም። በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ለጥ ያሉ ቦታዎች አብዛኞቹ መረሬ ናቸው። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የድሮ ሰው ጎጆውን ተረተሩ ላይ ቀልሶ ሜዳውን ለከብትና ለፈረስ የተወው ይህን አውቆ ነው። የሣሩ ሥር አፈሩን እንደ ምንጣፍ ስለሚይዘው ለኮቴም ለእግርም ይመቻል፤ ለመሠረት ግን ጠላት ነው። ዛሬ እዚያው ላይ የሚሠራ ሰው መረሬውን አስቆፍሮ ያወጣል፣ ገረጋንቲ ያስሞላል፣ ያስጠቀጥቃል። ወጪ ለመቆጠብ ይህን የዘለለ ሰው ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግድግዳው ላይ ከመስኮቱ ጥግ የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ ያያል። የእኛ ግቢ አጥር አሁን ሁለት ቦታ ላይ አዘንብሏል። አባባ በዚያ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ያዩትና ምንም ሳይሉ ይሄዳሉ።

«ወጣቱ ባጃጅ ወዶ ፈረስ ጠላ፤ ሜዳውም ሥራ ፈታ»

ይህ እውነት የሚመስለው የኋላውን ወደ ፊት ስላመጣው ነው። ነገሩ የሆነው በተቃራኒው ነው፤ አባባ እንደነገሩኝ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጠው። መጀመሪያ የሄደው የሜዳው ጠርዝ ነው። መንገድ ወጣ፣ ከመንገዱ ዳር ብሎኬት ማምረቻ ተተከለ፣ ግጦሹ ጠበበ። ግጦሽ ሲጠብ ፈረስን ፉርሽካና ድርቆሽ ገዝቶ መቀለብ መጣ። ላም ብትቀለብ ወተት ትሰጣለች፤ የግልቢያ ፈረስ የሚሰጠው በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ክብር ነው። ስለዚህ ፈረሱ ለጋሪ ተሸጠ። ጋሪ የጎተተ ፈረስ ደግሞ ለጉግስ አይመለስም፤ አንገቱም አረማመዱም ይለወጣል። ጋላቢ ሲጠፋ ሜዳው ላይ የቀረው ሣር ብቻ ሆነ። ያኔ ነው እንግዲህ ባለ ካርታዎቹ መጥተው «ይኸው፣ አገልግሎት አይሰጥም» ያሉት።

ወጣቱ ፈረስ አለመጥላቱን ማየት የሚፈልግ ጥር 23 ወደ እንጅባራ ይሂድ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀ ነው፤ አባላቱም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ከጋላቢዎቹ መካከል ገና ጺም ያላበቀለው ብዙ ነው። እዚያም ባጃጅ አለ። ልዩነቱ እዚያ ፈረሱ የሚግጥበትም የሚሮጥበትም ቦታ መኖሩ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፈረስ ግልቢያ የባለጸጋ ጨዋታ ነው የሚል ደግሞ አለ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር እናውቃለን፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ነገር ግን ከእነሱ ኋላ የጋለበው ሕዝብ ገበሬ ነበር። በከተማው ዙሪያ ሜዳዎቹን ይዞ ያቆየውም እሱ ነው።

«ገበሬው ሸጦ በላው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ማስረጃውም የይዞታ ደብተሩ ነው። በደብተሩ የሚሰፍረው ግን የሚያርሰው ማሳ ነው። የፈረስ ሜዳው የወል ነበር፤ በአንድ ሰው ስም ያልተጻፈውን አንድ ሰው ብቻውን ሊሸጠው አይችልም።

ታዲያ ሜዳው እንዴት ሄደ? ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሕጋዊው ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ይለቀቃል፣ ካሳ ይከፈላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚለቀቅ የእርሻ መሬት ካሳው የዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል። አዲሱ ሕግ ስለ ወል መሬትም ዝም አላለም፤ ተጠቃሚው ያጣው ጥቅም ይታሰብ ይላል። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። ጤፍ በኩንታል ይሰፈራል፣ ድርቆሽም በሸክም ይገመታል። የጥምቀት ግልቢያ ዓመታዊ ገቢው ስንት ነው? የገማቹ ቅጽ ላይ ለእሱ የሚሆን ሳጥን የለም።

ሁለተኛው መንገድ የጨረቃ ቤት ነው። ማታ ምሰሶ ይቆማል፣ ሲነጋ ቆርቆሮ ለብሷል። የማሳው ባለቤት ማሳውን ይጠብቃል፤ ሰው ሲያጥርበት ይጮኻል። በወል ሜዳ ላይ ሲታጠር ግን ሁሉም ሌላው ይጩህ እያለ ይጠብቃል። ደላላው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚቆርሰውም ሜዳውን ነው። ቆይቶ ይዞታ ለማረጋገጥ የአየር ፎቶ ሲወጣ ቤትና አጥር ጎልቶ ይታያል፤ ፈረስ የሮጠበት ሣር ግን ከላይ ሲታይ ያው ባዶ ነው። በፎቶው ላይ ማስረጃ ያለው ያጠረው ሰው ሆኖ ይገኛል።

ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ያለ ገበሬ የለም አልልም። አለ። «ገበሬው ሸጠው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ግን ደላላውንም ገዥውንም ዝም ያለውንም ባለሥልጣን ነጻ ያወጣል።

«በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ያለ ቦታ አይነካም»

ይነካል፤ እንዲያውም እዚያ ነገሩ ቀለል ይላል፣ ሻጭ አለውና። ለንደን አጠገብ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር የነበረው የኸርስት ፓርክ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ተዘግቶ የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል። የሚገርመው ዕቃው እንኳ አልተጣለም። ሣሩ ተልጦ አስኮት ወደሚባለው ታዋቂ ሜዳ ተወሰደ፤ የተመልካች መቀመጫው ተነቅሎ ማንስፊልድ ከተማ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ተተከለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 የተከፈተው ቤይ ሜዶውስ በ2008 ተዘግቶ ቤትና ቢሮ ተሠራበት። በ1938 የተከፈተው ሆሊዉድ ፓርክም በ2013 ማብቂያ ላይ ተዘጋ፤ ዛሬ በቦታው ግዙፍ ስታዲየምና መኖሪያ ቤቶች አሉ።

እዚያ ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሜዳው የኩባንያ ንብረት ነው፣ ገቢው ከውርርድ ነው። ተወራራጁ ሜዳ መምጣት ትቶ ከሌላ ቦታ ሆኖ ሲወራረድ መሬቱ ከውድድሩ በላይ ያወጣል፤ ባለቤቱ ይሸጣል። ሁሉም ግን በቤት አልጠፋም። ብሩክላንድስ የሚባለው የእንግሊዞች የመኪና እሽቅድምድም መንገድ በ1907 ተሠርቶ በ1939 ያቆመው ጦርነት መጥቶ ነው፤ የአውሮፕላን ፋብሪካ ዋጠው። ከመንገዱ ቁራጩ አሁንም ቆሞ ሙዚየም አለው።

የእኛን ከእነሱ ጋር ማምታታት መፍትሔውንም ያምታታል። እዚያ ወገን ያለው ሰው ሜዳውን ለማዳን ገንዘብ አሰባስቦ ልግዛው ሊል ይችላል። እዚህ የሚገዛ ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው በፕላን ላይ በስሙ መጻፍ ነው።

«ጃን ሜዳ እስካለ ምን ቸገረን»

ጃን ሜዳ፣ የጃንሆይ ሜዳ፣ ጉግስም የፈረስ እሽቅድምድምም አገር አቋራጭ ሩጫም ያስተናገደ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ግን ከፒያሳ የአትክልት ተራ ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ እናስታውሳለን። ሽንኩርትና ቲማቲም ወራት ተቀመጠበት፣ የጭነት መኪና አረሰው፤ ለ2013 ጥምቀት ለማድረስ ጥድፊያ ነበር። የዚያን ጊዜውን ውሳኔ አልነቅፍም፤ ጊዜው ክፉ ነበር። ሁሉም በስሙ የሚያውቀው ሜዳ ይህ ከደረሰበት፣ ስም የሌለው የዳር ሜዳ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ገምቱ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል የሚለውም አያድንም፤ የተመዘገበው በዓሉ ነው፣ መሬቱ አይደለም።

«ሯጮቹ ትራክ ተሠርቶላቸዋል»

ትራክ 400 ሜትር ነው፤ ለፍጥነት ልምምድ በሳምንት ጥቂት ቀን ይወጡበታል። የቀረው ሩጫ ሣር፣ ጫካና የገጠር መንገድ ይፈልጋል። አትሌቶቻችን ከአቃቂ ዝቅታ እስከ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ሌሊት እየተነሡ የሚዞሩት ለዚህ ነው። ፈረስ ትራክ ላይ እንደማይወጣ ደግሞ መናገር አያስፈልግም።

«አረንጓዴ ቦታ ከተባለ ድኗል»

ይህን እኔም አምን ነበር። የከተማው ፕላን 30 በመቶውን መሬት ለአረንጓዴ ይላል፤ መልካም ነው። በአሠራር ግን አረንጓዴ ማለት ችግኝ፣ አጥርና አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ሜዳ ላይ በየሦስት ሜትሩ ችግኝ ከተተከለ ለፈረሱ ቤት እንደተሠራበት ያው ነው። የግልቢያ ሜዳ የሚፈልገው ምንም እንዳይደረግበት ነው፤ ምንም አለማድረግን ደግሞ የሚመርቅ ባለሥልጣን የለም።

«ቤት ወይስ ፈረስ? ምረጡ»

ባለፈው ጥር ከአባባ ጋር ሜዳውን ለካነው። እሳቸው መነሻውን አንድ ቀሪ ጽድ አጠገብ አሳዩኝ፤ መድረሻው ከጅረቱ አፋፍ ላይ ነው። በብሎኮቹ መካከል እየተጠማዘዝን በእርምጃ ቆጥረን 700 ሜትር ግድም አገኘን። ስፋቱን እሳቸው «ስድስት ፈረስ ጎን ለጎን፣ ዳሩ ላይ ሰው ቆሞ» አሉ፤ 60 ሜትር ብንለው 42,000 ካሬ ነው። መንገድ ሳይወጣለት በባለ 200 ካሬ ቢሸነሸን 210 ቦታ። ሰፈራችን ውስጥ ካለው ቤት ብዛት ጋር ሳስተያየው ትንሽ ነው፤ ፕላኑ ሲነደፍ ብሎኮቹን ዘወር አድርጎ ያንን ቁራጭ መተው ይቻል ነበር። ካልሆነም አስቀድሞ ሌላ ቦታ መስጠት። ናይሮቢዎች እንዲያ አድርገዋል፤ ከተማዋ ስትሰፋ እሽቅድምድሙ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ንጎንግ መንገድ ተዛወረ፣ ፈረሶቹ አሁንም እዚያ ይሮጣሉ።

ስንለካ አጎንብሰን መሬት መሬት ስናይ የብሎክ 17 ጥበቃ ተከትሎን ነበር። ጽዱ ጋ ደርሶብን፣ «አባባ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለ።

«ፈረስ» አሉት።

ልጁ ደነገጠ። ዱላውን አስተካክሎ፣ «መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

«ዳማ» አሉት አባባ።