ኢኢጂ ማንበብ ብቻውን ኒውሮሎጂስት አያደርግም

ስለ ነርቭ ሐኪም (ኒውሮሎጂስት) እና ስለ ኢኢጂ፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለሚቀዳው ምርመራ፣ ከሚባለው ብዙው ስህተት ነው። «የነርቭ ሐኪም ጭንቅላት ይከፍታል።» አይከፍትም፤ የሚከፍተው የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ፣ ኒውሮሰርጀን ነው። አሜሪካ ውስጥ የእሱ ሬዚደንሲ (ከሕክምና ትምህርት በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) 7 ዓመት ሲሆን የኒውሮሎጂስቱ የውስጥ ደዌውን ዓመት ጨምሮ 4 ዓመት ነው።

«ለመማር ውጭ አገር መሄድ ግድ ነው።» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሎጂ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

«የበሽታውን ስም ያወጣሉ እንጂ አያክሙም።» የደም ሥር ተዘግቶ ስትሮክ የያዘው ሰው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ከደረሰና የሚከለክል ነገር ከሌለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት፣ አልቴፕላዝ፣ ይሰጠዋል፦ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 90። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው። የሚቆጠረው በሽተኛው ወድቆ ከተገኘበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከሬዚደንሲ በኋላ ስለሚወሰደው ተጨማሪ ሥልጠና፣ ስለ ፌሎውሺፕ፣ ወደሚባለው። «የሚጥል በሽታ ፌሎውሺፕ ማለት ኢኢጂ ማንበብ ነው፤ ንጹህ ከሆነ በሽታው የለም፣ ሹል ሞገድ ካለ አለ።» ታካሚ ቢለው አይፈረድበትም፤ ሐኪም ሲለው ግን ያናድዳል።

የተለመደው ኢኢጂ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀዳል። በወር አንዴ የሚጥለው ሰው አንጎሉ በዚያች ግማሽ ሰዓት ምንም ላያሳይ ይችላል። የመጀመሪያው ንጹህ ከሆነና ጥርጣሬው ካለ፣ ታካሚው ሌሊቱን እንቅልፍ ቀንሶ ይመጣና ተኝቶም ይቀዳል።

የባሰው ጥፋት የሌለ በሽታ ማንበብ ነው። ሬዚደንቱ ሹል ነገር ባየ ቁጥር «የሚጥል በሽታ» ብሎ ይጽፋል፤ ታካሚው የማያስፈልገውን ክኒን ለዓመታት ይውጣል። ሞገዱ አንድ ኤሌክትሮድ (ራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መቅጃ) ላይ ብቻ ታይቶ ጎረቤቶቹ ላይ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ኤሌክትሮድ ነው፤ ቆዳው ተጠርጎ፣ የኤሌክትሮዱ ማጣበቂያ ፓስታ ተጨምሮ ይደገም። እውነተኛው ሹል ሞገድ ጎረቤቶቹ ላይ እየቀነሰ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ዘገምተኛ ሞገድ ያስከትላል። ሞንታጁንም (ኤሌክትሮዶቹ እርስ በርስ የሚነጻጸሩበትን አደራደር) ቀይራችሁ እዩት። ጤነኛ ሰው ሲያንቀላፋ የሚታዩ፣ ሹል መስለው ጉዳት የሌላቸው ሞገዶችም አሉ፤ ከአንድ ዓመት ፌሎውሺፕ ከባዱ ሥራ እነሱን መለየት ነው።

ደግሞም ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ታካሚው ሲወድቅ ያየውን ሰው ጠርታችሁ ጠይቁት። የታካሚው ዐይን ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ጭንቅላቱ ወዴት ዞረ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምላሱን የነከሰው ጎኑን ነው ጫፉን? ቤተሰብ በስልክ ቀርጾት ከሆነ መጀመሪያ ያንን እዩ።