ሻንጣ ያዘለ ሁሉ ስደተኛ አይደለም፦ ከደሴ ኪጋሊ ለብቻዬ ስሄድ የሰማኋቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤት ለክረምት እንደተዘጋ፣ አንድ የጀርባ ሻንጣ አዝዬ ከደሴ ተነሣሁ። በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባሁ፣ ዩጋንዳን አቋረጥኩ፣ ኪጋሊ ደርሼ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊትም ከተመለስኩ በኋላም ደጋግሜ የሰማኋቸው አባባሎች አሉ። የሚናገሯቸው የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ልክ አይደሉም፤ ብዙ ወጣትም በእነሱ ምክንያት ከደጁ ሳይወጣ ይቀራል።

«ውጭ የሚኬደው ለሥራ ወይም ለመቅረት ነው»

ወሎ ውስጥ ይህ አባባል እንዲያው የመጣ አይደለም። ከሰፈራችን የወጡት እህቶቻችን ዓረብ ሀገር ሰው ቤት ሊሠሩ ነው የሄዱት። ወንድሞቻችን በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረዋል፤ ደብዛቸው የጠፋም አሉ። ስለዚህ ፓስፖርት ማውጣቴን የሰማች ዕለት እናቴ አለቀሰች። «ደመወዝሽ አንሶሽ ነው?» አለችኝ። ለማየት ብቻ እንደምሄድ፣ መስከረም ሲጠባ ጠመኔ ይዤ ክፍሌ ውስጥ እንደምቆም ሦስት ቀን ሙሉ አስረዳኋት።

ለማየት መሄድ ከስደት የተለየ ነው፤ ልዩነቱን ትከሻዬ ያውቀዋል። ያንኑ ሻንጣ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አዝዬው ነበር። ያን ጊዜ የያዘው የትምህርት ማስረጃዬን፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒትና ጥቂት በሶ ነው። የት እንደማድር አላውቅም፤ ልመለስ አልመለስ አላውቅም። በሁለተኛው ጉዞ ግን የምመለስበትን ቀን የቆረጥኩት እኔው ነኝ። እነዚህን ሁለት ጉዞዎች በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልችልም።

ደግሞስ ስንቅ ቋጥሮ ርቆ መሄድ ለወሎ ሰው መቼ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? መስከረም 21 ለግሸን ማርያም አቀበቱን በእግሩ የሚወጣው፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሰው ደርሶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ለቤተሰቡ ይናገራል። እኔ መንገዱን ነው ያረዘምኩት።

«የእኛ ፓስፖርት የትም አያስገባም»

አውሮፓን ላሰበ ሰው መከራው እውነት ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ሌላ ናቸው። ኬንያ ከኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳ የአፍሪካ ሕብረት አባል ሀገራትን ዜጎች ለ30 ቀን ያለ ክፍያ ትቀበላለች። ለዩጋንዳ ቪዛ ያስፈልጋል። ሦስቱን ሀገሮች የሚያጠቃልል የ100 ዶላር የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ አለ፤ ለእኛ ግን ሁለቱ በነጻ ስለሚያስገቡን የዩጋንዳን ብቻ ማውጣት ይረክሳል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት ኤምባሲ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቢጫ ካርዱን ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል።

«ሴት ልጅ ለብቻዋ? ማን አላት?»

አደጋ የለም አልልም። ናይሮቢ ውስጥ አንድ አመሻሽ ላይ የማላውቀው ሰው ሦስት መንገድ ስታጠፍ ተከተለኝ። አራተኛው ላይ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያዋ ምንም ሳትጠይቅ ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር ሰጠችኝ፤ ታክሲ ጠርታም እስክሳፈር በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ከተማ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስን ሕግ አደረግኩት። የማድርበትን ቤት አድራሻ ለታናሽ ወንድሜ እልክለታለሁ፤ የፓስፖርቴን ቅጂ ከፓስፖርቱ ለይቼ እይዛለሁ፤ የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች እጠይቃለሁ።

ብቸኝነትን በተመለከተ ግን ተሳስተዋል። ከጓደኛ ጋር የሄደ ሰው ከጓደኛው ጋር ያወራል። ለብቻው የተቀመጠን ሰው ግን አውቶቡስ ውስጥ ሙዝ ይዘው ይጠጉታል፤ ልጃቸውን ያስታቅፉታል። በእኛስ ሀገር እንግዳ ብቻውን ሲቀመጥ ዝም ይባላል እንዴ?

«ቋንቋ ሳይችሉ መሄድ መጥፋት ነው»

ናይሮቢ መናኸሪያ ትኬት ቆራጩ «ሳ ሞጃ» አለኝ። «ሳ» ሰዓት፣ «ሞጃ» አንድ። አጠገቤ የነበረ ፈረንጅ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት መስሎት ግራ ተጋባ። እኔ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን አስጭኜ ተቀምጬ ነበር፤ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ንጋትን ይዞ ነውና። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። ሳሙና ሳቡኒ ነው፤ ስኳር ሱካሪ ነው። እናቴ ቡና ላይ የምታደርገው ዱዓ እዚያም ዱዓ ነው፤ ኪታብም ኪታቡ። ሌላውን በእንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ተወጣሁት።

«ብዙ ዕቃ መያዝ ያስፈልጋል» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ነጠላ፣ በሶ፣ ደብተር። ነጠላዋ ብርድ ልብስም፣ ፎጣም፣ መጋረጃም ሆናኛለች።

«ሲመለሱ ጉዞው አለቀ»

ከሁሉም የሚከፋኝ ይህ ነው። ስልኬ ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ፎቶ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ሳያቸው ግማሾቹ የት እንደተነሡ እንኳ ጠፋኝ። ደብተሬ ውስጥ ግን ስለ ዩጋንዳና ሩዋንዳ ድንበር እንዲህ የሚል አለ፦ «ካቱና። ድንበሩን ስናልፍ ሾፌሩ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ተሻገረ። ከተሳፋሪው ማንም ቀና አላለም።» ይህን ሳነብ የአውቶቡሱ የናፍጣ ሽታ ይመጣብኛል።

ጊሶዚ ስለሚገኘው የኪጋሊ የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ግን በዚያው ማታ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። እዚያ ከ250 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አርፈዋል። የጻፍኩት ጥቅምት ላይ፣ ደሴ፣ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። የአንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ የአባት ስም ቦታው ባዶ ነበር፤ አባቱ በጦርነቱ ማለፉን አውቃለሁ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ፤ እስኪነጋ ጻፍኩ።

መናገርም አለ። የተመለስኩ ሰሞን ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሲሉኝ ከረሜላና ሁለት ሻሽ አወጣሁ፤ ወሬው በዚያው አለቀ። ኅዳር ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩና ከአቦል እስከ በረካ አነበብኩላቸው። ልጇ ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ ጎረቤታችን ሲኒዋን ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። «የኔ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው እዚያ» አለች፤ «ከተማውን አይታው አታውቅም። ስትደውል የምትነግረኝ ስለ ወጥ ቤቱ ነው።»

ማንም አልመለሰላትም። እናቴ ቀዝቃዛውን ደፍታ ሌላ ቀዳችላት። ሴትዮዋ ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና፣ «እስቲ ያንን የሰዓቱን ነገር ድገሚልኝ» አለችኝ፤ «እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት አልሽ?»