ኢቪፒ ምንድን ነው? መንፈስ አሳሾች በመቅረጫ «ያዝነው» የሚሉት ድምፅ

መናፍስትን የሚያስሱ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን የሚከታተል ሰው ይህን ዓይነት ክፍል ያውቀዋል። ቡድኑ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ሕንፃ ውስጥ ይገባል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ በምሽት ካሜራ አረንጓዴ የመሰሉ ፊቶች ወዲያ ወዲህ እያሉ «እዚህ ማን አለ?» ይላሉ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዲት በር እንኳ አትንቀሳቀስም። ማብቂያው ላይ ሁለት ሰዎች ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብለው ግማሽ ሰከንድ የምትሆን ሹክሹክታ መሳይ ድምፅ ሦስት ጊዜ ያሰማሉ። ድምፁ ገና ሳይሰማ «ውጡ» የሚል ጽሑፍ ከሥር ይወጣል፤ በዚያው ያበቃል። መንፈስ አልታየም ብሎ የሚበሳጭ ተመልካች ብዙ ነው። የበለጠ ሊያበሳጨው የሚገባው ግን ጽሑፉ ከድምፁ ቀድሞ መውጣቱ ነው፤ በገዛ ጆሮው እንዳይፈርድ ያደረገው እሱ ነውና።

ያቺ ግማሽ ሰከንድ ኢቪፒ ትባላለች። ስሙ ኤሌክትሮኒክ ቮይስ ፌኖሜነን የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ነው። ትርጉሙ ጠበቅ ያለ ነው፦ ቀረጻው ሲካሄድ በቦታው የነበሩ ሰዎች ያልሰሙት፣ ቅጂው በኋላ ሲደመጥ ግን የሰው ንግግር የሚመስል ድምፅ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ የሰሙት ጩኸት ኢቪፒ አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰል። ሁሉም የሰሙት ድምፅ ከሆነ ምንጩ ክፍሉ ውስጥ ወይም ዙሪያው ይፈለጋል፤ መቅረጫው ብቻ የያዘው ከሆነ ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት መቅረጫው ራሱ ነው። ፕሮግራሞቹ ሁለቱን እየቀላቀሉ ሲያቀርቡ ይህ ቅደም ተከተል ይጠፋል።

ነገሩ ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍሪድሪክ ዩርገንሰን የተባለ ስዊድናዊ ሠዓሊና የፊልም ሰው የወፍ ዜማ ሲቀርጽ ቅጂው ላይ የሰው ድምፅ እንደሰማ ተናገረ። የእሱን ፈለግ የተከተለው ላትቪያዊው ኮንስታንቲን ራውዲቭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ዓይነት ድምፆችን ሰበሰብኩ አለ፤ ሥራውንም በ1968 በጀርመንኛ አሳተመ። የራውዲቭ ድምፆች አንድ እንግዳ ጠባይ ነበራቸው፤ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ የላትቪያ፣ የጀርመን፣ የሩሲያና የስዊድን ቃላት ይቀላቅላሉ። ራውዲቭ ራሱ ብዙ ቋንቋ የሚችል ሰው ነበር። የተምታታ ድምፅን ከቃል ጋር ለማዛመድ የሚሞክር ጆሮ በአራት ቋንቋ ሲፈልግ ከአንድ ቋንቋ ይልቅ ቶሎ እንደሚሳካለት ልብ ይሏል።

ይህን በቀላሉ መሞከር ይቻላል። «ጌት አውት» (በእንግሊዝኛ «ውጡ») የሚል ጽሑፍ የወጣበትን ድምፅ እንግሊዝኛ ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጽሑፉን ሸፍኖ ማሰማት ነው። «ጌታው» ብሎ ቢሰማው አይገርምም። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው መዝገበ ቃላት ነው።

በ1982 አሜሪካ ውስጥ የኢቪፒ ማኅበር የመሠረተችው ሳራ ኤስቴፕ ድምፆቹን በሦስት ደረጃ ከፈለቻቸው፤ ዛሬም በፕሮግራሞቹ የሚሰማው «ክላስ ኤ» ከዚያ የመጣ ነው። ኤ ማንም ሳይነገረው የሚረዳው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ቢ ጥቂት ትኩረት የሚሻ፣ ሰሚዎች የማይስማሙበት ነው። ሲ በጆሮ ማዳመጫ ተጎልቶም እንኳ የሚያጠራጥር ነው። በቴሌቪዥን «ክላስ ኤ» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ድምፅ ጽሑፉ ቢነሳ ሲ ላይ ይወድቃል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ትልቁ ተጠያቂ የድምፅ መጠንን በራሱ የሚያስተካክለው የመቅረጫው ክፍል ነው፤ ባለሙያዎች ኤጂሲ ይሉታል። በኪስ የሚያዙት መቅረጫዎች የተሠሩት ለስብሰባና ለቃለ መጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ቅርብ ያለው ሰው ሲናገር መጠኑን ይቀንሳሉ፣ ዝም ሲባል ደግሞ ራቅ ያለውን ለመያዝ ከፍ ያደርጉታል። አሁን ይህን መሣሪያ በጨለማ ክፍል ውስጥ እናስበው። አሳሹ ጮክ ብሎ «ስምህ ማን ነው?» ይላል፤ መጠኑ ይወርዳል። ዝም ይላል፤ መጠኑ በሰከንድ ወይም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይወጣል። ከእሱ ጋር የጀርባው ሽሽታ (የማያቋርጥ የ«ሽሽ» ድምፅ)፣ የልብስ ፍትጊያ፣ የሆድ ጩኸት፣ የካሜራ ሠራተኛው ትንፋሽ አብሮ ያድጋል። ከጥያቄው ቀጥሎ፣ መልስ በሚጠበቅባት ቅጽበት፣ አንድ ነገር «ይነሳል»። የሰዓቱ መግጠም ብዙ ሰው የሚያሳምነው ለዚህ ነው፤ ግጥሚያውን የሠራው ግን ጥያቄው ራሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፋይሉ መጨመቅ ነው። ብዙ ሰዓት እንዲይዝ ዝቅተኛ ጥራት ላይ የተደረገ መቅረጫ የድምፁን ዝርዝር እየጣለ ስለሚያስቀምጥ የቀረው ውሃ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። በኋላ ኤዲተሩ ሽሽታውን ለማጥፋት የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር ሲጠቀም ሁኔታው ይብሳል። ሶፍትዌሩ የሽሽታውን ናሙና ወስዶ ከሌላው ላይ ይቀንሳል፤ በትክክል የማይቀነሱ ቁርጥራጮች ግን እዚህም እዚያም ይቀራሉ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ ትናንሽ ቃናዎች ይሆናሉ። የሰው ንግግር ለመረዳት የሚያስፈልገው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው ክልል ነው፤ የድሮ ስልክ የሚያስተላልፈው ይህንኑ ነበር። ማጽጃው ትቶት የሚሄደው ፍርፋሪ እዚህ ክልል ውስጥ ሲወድቅ አናባቢ ይመስላል። በዚያ ላይ የ20 ዴሲቤል ማጉያ ሲጨመርበት የሞገዱ ከፍታ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ 40 ሲሆን መቶ እጥፍ። መቶ ጊዜ ከጎላ በኋላ ፍጹም ጸጥ ያለ ቅጂ የለም።

ረጅምና በደንብ ያልተሸፈነ የማይክ ገመድ እንደ አንቴና ሆኖ የሬዲዮ ሞገድ ሊስብም ይችላል። የቀረጻ ቡድን ደግሞ በሬዲዮ መገናኛ ነው የሚነጋገረው። በድምፅ ሲነቃ ብቻ የሚቀርጸው አሠራርም የቃሉን መጀመሪያ ይቆርጠዋል፤ «ማነው» የተባለው «ነው» ሆኖ ይቀራል።

ስፒሪት ቦክስ የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ ግን በየፕሮግራሙ ከኢቪፒ ጋር ስለሚደባለቅ ማለፍ አይቻልም። መነሻው ፍራንክ ሰምፕሽን የተባለ አሜሪካዊ በ2002 የሠራው ሳጥን ነው። በየትኛውም ጣቢያ ሳይቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘል ሬዲዮ ማለት ነው። በስፋት የተሸጡት ሞዴሎች በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ የሚቆዩት ከ100 እስከ 350 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ክፍለ ቃል ለመናገር 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃል። ማሽኑ እንግዲህ የዜና አንባቢንና የዘፋኝን ድምፅ በክፍለ ቃል ልክ እየቆረጠ የሚያቀርብ ነው። በ150 ሚሊሰከንድ ፍጥነት ከጥያቄው በኋላ ባሉት አሥር ሰከንዶች ውስጥ ብቻ ከስልሳ በላይ ቁራጭ ይወጣል። ከስልሳ ቁራጭ ውስጥ «አዎ» ወይም «ሂድ» የሚመስል አለመገኘቱ ነበር የሚያስደንቀው።

ጆሮ የጎደለውን ይሞላል

በ1970 ሪቻርድ ዋረን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከተቀረጸ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት የንግግር ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ በቦታዋ ሳል አስገባ። ካዳመጡት ሃያ ሰዎች መካከል አሥራ ዘጠኙ ምንም የጎደለ ነገር እንደሌለ ተናገሩ፤ ሳሉ የት ላይ እንደነበረ በትክክል መጠቆምም አቃታቸው። አእምሯቸው የጠፋችውን ድምፅ ሞልቷታል። ይህ በየዕለቱ ሁካታ ውስጥ ሆነን እንድንግባባ የሚረዳን ችሎታ ነው፤ ምንም ንግግር በሌለበት ሽሽታ ላይ ሲውል ግን ከባዶ ቃል ይሠራል።

በ2015 ማይክል ኒስና ሻርሎት ፊሊፕስ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በቀጥታ ኢቪፒን ይመለከታል። ለአንዱ ቡድን ጥናቱ ስለ መናፍስት ድምፅ ነው ተባለ፤ ለሌላው ሁካታ ውስጥ ስላለ ንግግር። መናፍስት የሚለውን የሰሙት አጠራጣሪ በሆኑት ቅጂዎች ላይ «ድምፅ አለ» ያሉት ይበልጥ ብዙ ጊዜ ነበር። ምን እንደተባለ ሲጠየቁ ግን ሰሚዎቹ እምብዛም አልተስማሙም። «መናፍስት» የምትለው አንዲት ቃል ይህን ካደረገች፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስክሪን ላይ ጽፎ ማሰማት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። አቅራቢው ቃሉን አስቀድሞ በአፉ ከተናገረው ደግሞ ጽሑፉን መሸፈን ብቻውን አይጠቅምም።

የቅጂው ብዛትም መታሰብ አለበት። ስድስት መቅረጫ ለስምንት ሰዓት ቢሠራ 48 ሰዓት ድምፅ ይገኛል። በሰዓት አንዲት አጠራጣሪ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ብትኖር 48 እጩ ማለት ነው፤ ለአንድ የፕሮግራም ክፍል ሦስት ይበቃል። የቀሩት ሰዓታት ለተመልካች አይታዩም።

በትክክል ቢሠራስ?

መቅረጫው የራሱን መጠን ማስተካከያ፣ የሽሽታ ማጽጃውንና በድምፅ መንቃቱን አጥፍቶ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ ባልተጨመቀ ዌቭ ፋይል ይቅረጽ። በእጅ አይያዝ፤ ማቆሚያ ላይ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፣ የጣት ንክኪ ብቻውን ሹክሹክታ ይፈጥራልና። ስልኮች አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁኑ። ማንም በሹክሹክታ አያውራ፤ ሲያወራ ሙሉ ድምፁን ያውጣ፤ በኋላ የራስን ሹክሹክታ ከሌላ መለየት እጅግ ከባድ ነው። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሆድ ሲጮህ፣ መኪና ሲያልፍ የሰማው ሰው ወዲያው በቃሉ ያስመዝግብ። በጥያቄዎች መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ዝም ይባል።

ሁለት መቅረጫ እዚያው ክፍል ውስጥ በሜትሮች ርቀት፣ ሦስተኛው ከበር ውጭ ይቀመጥ። ሁሉም መቅረጽ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ፋይሎቹን ለማገጣጠም ይበቃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 3.4 ሜትር የሚያህል የርቀት ልዩነት 10 ሚሊሰከንድ ይፈጥራል፤ የቱ መቅረጫ ቀድሞ እንደያዘው ማየት አቅጣጫውን ይጠቁማል። በር ውጭ ያለው ጎልቶ ከያዘው ድምፁ ከውጭ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከያዘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሣሪያው ራሱ ነው።

ማዳመጡ ለአሳሾቹ አይተው። ስለ ቅጂዎቹ ምንም የማያውቁ አምስት ሰዎች ለየብቻቸው፣ ያለ ጽሑፍ፣ አሥር ቅጂ ያዳምጡና የሰሙትን ይጻፉ፤ ከአሥሩ አምስቱ መንፈስ አለበት ተብሎ ከማይወራበት ከማንኛውም ተራ ክፍል የተቀረጹና በተመሳሳይ መንገድ የጎሉ ይሁኑ። ከተራው ክፍልም እኩል «መልስ» ከተገኘ የተያዘ ነገር የለም። አምስቱም አንድ ቃል ከጻፉ ደግሞ የተሰማው በእርግጥ ንግግር ነው፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈተሸው በሕንፃው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉና የሬዲዮ መገናኛው ነው።

ቴሌቪዥኑ ይህን ለማድረግ አቅም አያንሰውም። በ2005 የብሪታንያው ተቆጣጣሪ ኦፍኮም «ሞስት ሆንትድ» በተባለው ፕሮግራም ላይ ለቀረበ ቅሬታ ሲወስን ፕሮግራሙን እንደ ምርመራ ሳይሆን እንደ መዝናኛ ነው ያየው፤ መዝናኛም ቢሆን ግን ማስረጃው እጁ ላይ አለ። እያንዳንዱ አቅራቢ ደረቱ ላይ ገመድ አልባ ማይክ ያስራል፣ ካሜራዎቹም የየራሳቸው ማይክ አላቸው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ቆጣሪ ተገጣጥመው ይቀረጻሉ። «ውጡ» የተባለባት ግማሽ ሰከንድ በነዚያ ሁሉ ትራኮች ላይ አለች ወይም የለችም። ኤዲተሩ ጽሑፉን ለአሥር ሰከንድ ቢያዘገየውና ሌሎቹን ትራኮች አንድ በአንድ ቢያሰማ ተመልካቹ ራሱ ይፈርድ ነበር።